ሲመሽ የተገባ ትዳር

በጉማራ ወንዝ ዳር፣ ደራ ወረዳ ውስጥ፣ ወንዛዬ የሚባል ፍል ውሃ አለ። ወገቡን የያዘው፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው፣ ቆዳው የቆሰለ ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ይወርድበታል። ከፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ዙሪያ የሚመጣ ሕመምተኛ ብቻውን አይመጣም፤ አስታማሚ ይከተለዋል። ዕድሜው የገፋ ከሆነ አስታማሚው አብዛኛውን ጊዜ የትዳር ጓደኛው ነው። ባል ሚስቱን ደግፎ ወደ ውሃው ያወርዳል፤ ሚስት የባሏን ጋቢ ይዛ ዳር ላይ ትጠብቃለች። እንዲህ ከሚደጋገፉት መካከል በወጣትነታቸው ያልተጋቡ፣ አንዱ ፈቶ ሌላዋ ባሏ ሞቶባት፣ ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ውሃ አጣጭ ፍለጋ የተገናኙ አሉ።

ስለ እነዚህ ሰዎች እምብዛም አይጻፍም። ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ተገቢ ነው። በ2003 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአማራ ክልል ሴቶች ግማሽ ያህሉ 15 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ። ጥናቱም ዘመቻውም ግን ልጅቷን የሠርጓ ዕለት ላይ ይተዋታል። ያች ልጅ አድጋለች። ወልዳለች፣ ተፋታለች ወይም ቀብራለች። በ45ና በ50 ዓመቷ ማንም ሳያስገድዳት፣ አባቷም ሆነ አጎቷ ሳይመክርባት፣ አብሯት የሚያረጅ ሰው መርጣለች። በዚህ አገር የመጀመሪያው ትዳር የቤተሰብ ነው፤ የራሷ የሆነው ሁለተኛው ነው። ፍቅር የሚባለውን ነገር በፎገራ ገጠር ለሚፈልግ ሰው እኔ የምጠቁመው ወደ ጥር ሠርግ ሳይሆን በሁለት ሽማግሌና በአንድ ጋን ጠላ ወደተፈጸመው የጎልማሶች ውል ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ትውልዳቸው ከስሜንና ከበጌምድር የሚቆጠረው ጣይቱ ብጡል ምኒልክን ሲያገኙ ከአንድ በላይ ትዳር አሳልፈው ነበር። ምኒልክም የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አግብተው ተለያይተዋል፤ ከባፈናም ጋር ብዙ ዓመት ኖረዋል። ሁለቱ በ1875 የፋሲካ ዕለት አንኮበር መድኃኔ ዓለም በቁርባን ሲጋቡ ጣይቱ ሠላሳውን አልፈዋል፣ ምኒልክ ወደ አርባው ተጠግተዋል። ለዘመኑ ሰው ይህ የመጀመሪያ ወጣትነት አልነበረም። ልጅ አልወለዱም። ትዳሩ ግን ከ30 ዓመት በላይ ጸና። አዲስ አበባ ራሷ የዚያ ትዳር ፍሬ ናት፤ በ1879 ከተማው ከእንጦጦ ወደ ታች የወረደው ጣይቱ የፍል ውሃውን አካባቢ ስለወደዱት ነው።

ወደ ሜዳው እንመለስ። በስተእርጅና የሚደረገው ጋብቻ እንደ ወጣቶቹ በዳስና በጭፈራ አይታወጅም። ባልየው ከብቶቹንና ማሳውን፣ ሚስትየዋ ደግሞ የራሷን ይዞታና ላም ይዘው ይገናኛሉ። ከሁለቱም ወገን ያደጉ ልጆች አሉ። ልጆቹ ብዙ ጊዜ ደስ አይላቸውም። በግልጽ የሚናገሩት “በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግላችኋል?” የሚለውን ነው፤ በሆዳቸው የያዙት የመሬቱን ጉዳይ ነው። ፎገራ ዛሬ የድሮው የግጦሽና የጓያ ሜዳ አይደለም። በደርግ ዘመን ጅግናና ሻጋ በተባሉት የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ ውሃ የሚተኛበትን ረግረግ ሁሉ ወደ ማሳ ለውጦታል። በሩዙ ላይ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት ተጨመረ። ለከብት ብቻ ይተው የነበረ ቦታ ገንዘብ ማውጣት ሲጀምር የአባትን ሁለተኛ ሚስት የሚያይ ዓይንም አብሮ ተለወጠ። ልጆቹን ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። መሬት የሌለው ወጣት የአባቱን ቁራሽ ማሳ በተስፋ ሲጠብቅ ኖሮ እንግዳ ሰው ቢገባበት መደንገጡ አይቀርም። ያም ሆኖ ለአባታቸው ሌሊት ውሃ የምታቀብለው እሷ ናት።

ከዚያ ሕመም ይመጣል። በዚህ አካባቢ ሕመም ወጣቱንም ብዙ ቀጥፏል። በ1997 በጎረቤት ሊቦ ከምከም ወረዳ መጀመሪያ ወባ የመሰለው በሽታ ካላዛር ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ ደግሞ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ መገናኛ የሆነችው ወረታና መሰል ከተሞች ብዙ ባልና ብዙ ሚስት ቀብረዋል። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ የትዳር ጓደኛቸውን በዚያ በሽታ ያጡና ራሳቸውም ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች እርስ በርስ መጋባት ጀመሩ። ከሐዘን በኋላ ስለሚመሠረት ትዳር ሲነሣ የእነሱን ያህል ድፍረት ያሳየ ሰው አላውቅም፤ አንዱ የሌላውን የኪኒን ሰዓት እያስታወሰ ዕድሜ ቀጥለዋል።

በእርጅና የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ግፊት፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ካንሰር። እነዚህ በሳምንት የሚጨርሱ አይደሉም፤ ዓመታት ይወስዳሉ፣ ገንዘብም ይበላሉ። እዚህ ላይ ፎገራ የሚኮራበት ነገር አለው። በ2003 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ተሁለደሬና ፎገራ ነበሩ። አባልነቱ በቤተሰብ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ተከፍሎ ካርዱ ይታደሳል፤ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል። በሬ ሸጦ መታከም ብቸኛው መንገድ መሆኑ በዚህ ቀርቷል።

ካርዱ ግን የማይደርስበት ቦታ አለ። ጤና ጣቢያው ሪፈር ጽፎ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሲልክ የመኪናውን፣ የማደሪያውንና የምግቡን ወጪ ካርዱ አይሸፍንም። መድኃኒቱ ከመንግሥት ፋርማሲ ሲጠፋ ከግል መግዛት ግድ ነው። ካንሰር ሆኖ የጨረር ሕክምና ከታዘዘ ደግሞ ለረጅም ዘመን መድረሻው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። በ2015 ክረምት በክልሉ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሪፈር የያዘ ሕመምተኛ ቤቱ ይቀራል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው አስታማሚው ነው። ሁለቱም ያረጁ ከሆኑ ደግሞ አስታማሚውም ሕመምተኛ ነው። ስድሳ ዓመት የሞላት ሴት፣ ጉልበቷ እያመማት፣ በትዳር አምስት ዓመት ብቻ አብራው የኖረችውን ባል ለማስታመም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ስታድር፣ ይህን ያደረገችው ለውርስ ነው የሚል ሰው በመንደሩ አይጠፋም። ይህ አባባል በጣም ያሳዝነኛል። ሐሰት መሆኑን ለማወቅ ሕጉን ማየት ይበቃል፤ የምትወርሰው ነገር የለምና።

አዎ፣ የለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ወራሾችን ሲዘረዝር መጀመሪያ ልጆችን፣ ልጅ ከሌለ ወላጆችን፣ ከዚያም ሌሎች የሥጋ ዘመዶችን ይጠራል። ባል የሚስቱ፣ ሚስትም የባሏ ወራሽ አይደሉም። ሕጉ የትዳር ጓደኛን የሚያውቀው በጋራ ንብረት በኩል ነው፤ በትዳር ውስጥ የተፈራው እኩል ይካፈላል። በሃያ ዓመታቸው ባዶ እጃቸውን ለተጋቡ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ያላቸው ሁሉ የጋራ ነውና። በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ለተጋቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቤቱና በሬዎቹ ከጋብቻው በፊት የነበሩ የግል ንብረቶች ናቸው፤ ማሳውም የግል ይዞታ ነው። ሟቹ ሲቀበር ወደ ልጆቹ ይሄዳሉ።

ብዙ ሴቶች የማያውቁት ሌላም ነገር አለ፣ እሱ ደግሞ የሚጠቅማቸው ነው። የግል ንብረት በትዳር ዘመን የሚያስገኘው ገቢ የጋራ ነው። ማሳው የባል ብቻ ቢሆንም አብረው ሳሉ የታጨደው ሩዝ የሁለቱም ነው፤ በሩዙ ዋጋ የተገዛው በሬም እንዲሁ። አንድ ንብረት የግል ነው የሚል ወገን ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ካላቀረበ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራው በ1995 ሲወጡ የጋራ ንብረቱን አስተዳደር ከባል እጅ አውጥተው የሁለቱም አድርገውታል። ሐዘንተኛዋ ግን ይህን የሚነግራት ሳታገኝ፣ ከአርባው ተስካር በኋላ የሟቹ ልጆች ከብት ሲቆጥሩ እያየች ጓዟን ጠቅልላ ወደ መጣችበት ቀበሌ ትመለሳለች።

በሞት አፋፍ ላይ የሚነገር ቃል አለ። ሟቹ ጎረቤት ሰብስቦ “ይቺን ሴት እንዳታስከፏት፣ ግራ ቀንበሩን በሬና የጓሮውን መሬት ስጧት” ይላል። ሰሚው ያለቅሳል፣ ይምላል። በባህሉ ይህ ከባድ ቃል ነው። በሕጉ ግን በሁለት ምስክር ፊት በቃል የተነገረ ኑዛዜ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ስለሚሾም ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ላልበለጡ ስጦታዎች ብቻ ነው የሚያገለግለው። 500 ብር ሕጉ በወጣበት ዘመን በሬ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ አንድ ዶሮ እንኳ በቅጡ አይገዛም። የባልን የመጨረሻ ቃል አምና የተቀመጠች ሴት ፍርድ ቤት ስትደርስ የምታገኘው ይህንን ነው።

ጣይቱ ያገኙት ከዚህ የራቀ አልነበረም፣ ምንም እንኳ እቴጌ ቢሆኑ። ምኒልክን ከ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሕመሙ እየደጋገመ አንደበታቸውንና ሰውነታቸውን ያዛቸው። ደብረ ሊባኖስ ጸበል ሄደዋል፤ በውጭ ሐኪሞችም ታክመዋል። ጣይቱ ከአልጋው አልራቁም። አስታማሚነታቸው ግን ሥልጣን እንደ መያዝ ታየባቸውና በመጋቢት 1902 መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ አስወግደው ባልዎን ብቻ ያስታምሙ አሏቸው። አስታመሙ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ሲያርፉ ጣይቱ ከግቢው ወጥተው እንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። በኅዳር 1910 ወደ ጎንደር ሄደው ቀሪ ዕድሜያቸውን እዚያ እንዲፈጽሙ ለመኑ፤ አልተፈቀደላቸውም። በሦስተኛው ወር፣ የካቲት ላይ፣ ዐረፉ።

ቤተ ክርስቲያን ስለ እርጅና ዘመን ትዳር የራሷ መንገድ አላት። በሰማንያ ተጋብተው ዘመናቸውን ያሳለፉ ባልና ሚስት እርጅና ሲመጣ አብረው ይቆርባሉ። ቁርባን ፍቺ የለውም፤ የሚለያቸው ሞት ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው እንደገና ማግባት አይከለከልም፤ ከካህናት ግን ሚስቱ የሞተችበት ቄስ በክህነቱ ጸንቶ ሌላ ማግባት አይችልም። አብዛኞቹ አሮጊቶች የሚመርጡት ቆቡን ነው፤ መንኩሰው በልጆቻቸው ጓሮ ወይም በደብሩ ዙሪያ ይኖራሉ። ይህን ምርጫ አከብራለሁ። መንደሩ ግን የባሏን ሙት ዓመት ያወጣች ሴት ከቆብ ሌላ ሐሳብ ስታነሣ እንደ ውርደት ማየቱን አልቀበልም። ለባልየው “ማን ያብስልልህ፣ አግባ” የሚል መንደር ነው ለእሷ “አሁንስ ተሰብሰቢ” የሚላት። የዓለማዊው ሕግ ደግሞ ከዕድሜ ጣሪያ ነጻ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት 180 ቀን ሳይሞላት እንዳታገባ የሚለው ክልከላ የተጻፈው የሚወለደው ልጅ የማን እንደሆነ ግራ እንዳያጋባ ነው፤ መውለድ ያቆመች ሴት በሐኪም ማስረጃ ትለቀቃለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ከባድ መልስ የለውም። ሕጉ ሲሻሻል ባልና ሚስት በወራሾች ተራ ቢገቡ ደስ ይለኛል፤ ያ ግን የምክር ቤት ሥራ ነው። እስከዚያ በጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ አለ። ተናዛዡ በጤናው ሳለ ይጻፋል፣ በእሱና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። የገጠር መሬቱ በክልሉ የመሬት አዋጅ በሚፈቀደው መንገድ ይታያል፤ ቤቱ፣ ከብቱና እህሉ ግን በዚህ ይጠበቃሉ። ጋብቻው ራሱም መመዝገብ አለበት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከነሐሴ 2008 ጀምሮ በየቀበሌው አለ፤ በሽማግሌ የተፈጸመም በቄስ የተባረከም ጋብቻ እዚያ ይጻፋል። አርጅተው የተጋቡት ግን “ለእኛ ምን ያደርጋል” ብለው ይተዉታል፤ የጋብቻው መኖር ሲካድ ሚስት መሆኗን በምስክር ለማስረዳት የምትጨነቀው ቀሪዋ ናት።

ፎገራ ለዚህ መነሻ የሚሆን ነገር በእጁ አለ። የጤና መድኑ አባልነት በየዓመቱ ሲታደስ ቤተሰቡ ቀበሌ ይቀርባል፤ የባልና የሚስት ስም ከነልጆቻቸው በአንድ መዝገብ ይነበባል። የክብር መዝገብ ሠራተኛው የሚቀመጠው እዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። መዋጮ ሰብሳቢው በዕድሜ የገፉትን ጥንዶች “ጋብቻችሁ ተመዝግቧል ወይ?” ብሎ ቢጠይቅና ወደ ጎረቤቱ ክፍል ቢመራቸው የሚጠፋበት ሰዓት የለም። ወረዳው ይህን ከመጪው የእድሳት ወቅት ጀምሮ ሊያደርገው ይችላል።