እውነት ወይስ ተረት? «የመዝናኛ ሐይቅ ነው፣ ምን ያመጣል!»

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቶኮዋ ፎልስ የሚባል ፏፏቴ አለ። ከፍታው 57 ሜትር ነው። በአትላንታና በክላርክስተን የምትኖሩ ወገኖቻችን ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ይዛችሁ ወጥታችሁ ማታ ቤታችሁ የምትገቡበት ርቀት ላይ ነው። ፏፏቴው የሚወርደው በአንድ የክርስቲያን ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ከበላዩ ዛሬ የሌለ አንድ ትንሽ ሐይቅ ነበር። ስለ መዝናኛ ግድቦች በየሽርሽሩ የሚነገረውን ለመመዘን ከዚያ ሐይቅ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ተረት፦ «ትንሽ ግድብ ቢፈርስም ያን ያህል አይጎዳም»

ያን ሐይቅ ያቆመው የኬሊ ባርንስ ግድብ ትንሽ ነበር። ቁመቱ 12 ሜትር፣ ርዝመቱ 120 ሜትር ገደማ፣ ሐይቁ 16 ሄክታር ያህል። መጀመሪያ በ1899 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከድንጋይና ከእንጨት ተሠርቶ ለአነስተኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውሃ ያጠራቅም ነበር። ከ1937 ጀምሮ ኮሌጁ አፈር እየደለደለ አሳደገው። በ1957 ማመንጫው ሥራ አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ሐይቁ መዝናኛ ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በእኔ እምነት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ግድብ ሠራተኛ አለው። ቧንቧው ቢደፈን ወይም ውሃው ቢጎድል መብራት ስለሚጠፋ ወዲያው ይታወቃል። ለመዝናኛ ብቻ የቀረ ግድብን ግን ሰው የሚያየው በውሃው በኩል ነው፤ ፎቶ የሚነሣውም በዚያው በኩል ነው። ደረቁን ጀርባውን ዞሮ የሚያይለት፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው አይኖርም።

ብዙ ዝናብ ከጣለ በኋላ ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ግድቡ ተደረመሰ። 780 ሺህ ሜትር ኪዩብ የሚሆን ውሃ በፏፏቴው ላይ ተወርውሮ፣ ባለትዳር ተማሪዎች ከነልጆቻቸው በተኙባቸው ተጎታች ቤቶች ላይ ወረደ። 39 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። የጎርፉ ኃይል ከፍ ባለበት ቅጽበት በሰከንድ 680 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይፈስ እንደነበር ተገምቷል። የግድብ አደጋ በቁመቱ ብቻ አይለካም። ከበታቹ ማን እንደሚያድር፣ ሸለቆው ምን ያህል ጠባብና ቁልቁል እንደሆነ፣ ለመሸሽ ስንት ደቂቃ እንደሚተርፍ መጠየቅ ይገባል። የቶኮዋ ቤተሰቦች የቀራቸው ደቂቃ አልነበረም።

ከዚያ በፊት፣ በ1972፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ግድቦች እንዲመረመሩ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ለሥራው የሚሆን ገንዘብ ግን አልተመደበለትም። ከቶኮዋ በኋላ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር፣ እርሳቸውም የጆርጂያ ልጅ ነበሩ፣ የሠራዊቱ መሐንዲሶች የግል ግድቦችን እንዲፈትሹ አዘዙ። በአራት ዓመት ውስጥ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጉ ግድቦች ተፈተሹ፤ ከነዚህ አንድ ሦስተኛ ያህሉ አስተማማኝ ሆነው አልተገኙም። ጆርጂያም በ1978 የራሷን የግድብ ደኅንነት ሕግ አወጣች። ሕጉ የወጣው በ39 ሰው ሞት መሆኑ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ተረት፦ «ዛፍ የበቀለበት ግድብ ጸንቷል»

በአገራችን አፈር እንዳይሸረሸር ዛፍ መትከል ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ነገር ስለሆነ፣ ይህ ተረት ለእኛ ሰው ይጥማል። ለተራራ ይሠራል፤ ለአፈር ግድብ ግን አይሠራም። ግድብን የሚጠብቀው አጭር ሣር ነው። ሣሩ ገጹን ይይዛል፣ ሲታጨድም ስንጥቁና እርጥበቱ በግልጽ ይታያል። የዛፍ ሥር ግን ወደ ግድቡ ሆድ ይገባል፤ ዛፉ ሲሞትና ሥሩ ሲበሰብስ በቦታው ውሃ የሚሄድበት ቀዳዳ ይተዋል። ዛፉን ነፋስ ቢነቅለው ደግሞ ከሥሩ ጋር የግድቡን አፈር ገንጥሎ ይወስዳል። ቁጥቋጦውም የፍልፈልና የመሰል እንስሳትን ጉድጓድ ይሸፍናል። ዛፉ ካደገ በኋላ ዝም ብሎ መቁረጥም መፍትሔ አይሆንም፤ ሥሩ ውስጥ ቀርቶ ስለሚበሰብስ ሥራው የመሐንዲስ ነው።

የኬሊ ባርንስ ጀርባም ዛፍ ነበረበት፤ ከዚያም በላይ እጅግ ቁልቁል ነበር። በ1973 የተነሣ ፎቶግራፍ የጀርባው አፈር ከፊሉ ተንሸራቶ እንደነበር ያሳያል። መርማሪዎቹ ከአደጋው በኋላ አንድ ብቸኛ መንስኤ ለይተው አላስቀመጡም፤ ቁልቁለቱን፣ የውሃውን መስረግ፣ በግድቡ ውስጥ የነበረውን አሮጌ ቧንቧ አንድ ላይ ነው ያነሡት። ግድብ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው እንዲህ ነው፤ ለየብቻ ሲታዩ «ይቆይ» የሚባሉ ጉድለቶች በአንድ ዝናባማ ምሽት ሲገናኙ።

ተረት፦ «የሀብታሞች መዝናኛ በደንብ ይጠበቃል»

በፔንሲልቬንያ የሳውዝ ፎርክ ግድብን ብዙ ሰው «የቱጃሮቹ ክለብ የሠራው» ይለዋል። ልክ አይደለም። ግዛቲቱ ራሷ ለጀልባ ቦይ ውሃ ማጠራቀሚያ ብላ ያሠራችው ሲሆን በ1853 ተጠናቀቀ። ባቡር ቦዩን ከጥቅም ውጪ ሲያደርገው ግድቡ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። በመካከል የነበረ ባለቤት ውሃውን ከሥር የሚያስወጡትን አምስት የብረት ቧንቧዎች ነቅሎ ለቁርጥራጭ ብረት ሸጣቸው። በ1879 የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክለብ ገዛው፤ አንድሩ ካርኔጊና ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ ከአባላቱ መካከል ነበሩ።

ክለቡ ገንዘብ አላጣም። ቧንቧዎቹን ግን አልተካም፤ ስለዚህ ሐይቁ ሲሞላ ውሃውን ዝቅ የማድረጊያ መንገድ አልነበረም። ሠረገላ እንዲያልፍበት የግድቡን አናት ዝቅ አደረገ፤ በዚህም ውሃው አናቱን ሳይሻገር ማስተንፈሻው፣ ማለትም ትርፍ ውሃ የሚወጣበት መንገድ፣ ሊያስወጣ የሚችለው መጠን ቀነሰ። የገዛቸው ዓሦች እንዳያመልጡ ደግሞ በማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አጠረ፤ በጎርፍ ጊዜ ቅርንጫፍና ግንድ ደፈነው። በቁልቁል የነበረው የካምብሪያ ብረት ፋብሪካ መሐንዲስ ጆን ፉልተን በ1880 ግድቡን አይቶ የቧንቧውን መጥፋትና የጥገናውን ድክመት በጽሑፍ አስታውቆ ነበር፤ ክለቡ አልተቀበለውም። ሜይ 31 ቀን 1889 ግድቡ ፈረሰ፤ ውሃው 22 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጆንስታውንን መታ። 2,209 ሰዎች ሞቱ። ያን ቀን የጣለው ዝናብ በእውነት ከባድ ነበር። ቢሆንም «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ ማለፍ ቧንቧውን፣ አናቱንና ወንፊቱን መርሳት ነው፤ ሦስቱም የሰው ሥራ ናቸው።

ተረት፦ «ከፍተኛ አደጋ ተብሎ የተመዘገበ ግድብ ሊፈርስ የደረሰ ነው»

በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ላይ ከ90 ሺህ በላይ ግድቦች ሰፍረዋል፤ አብዛኞቹ የግል ናቸው፣ ብዙዎቹም ለመዝናኛ የተሠሩ ናቸው። «ከፍተኛ አደጋ» የሚለው ምድብ የሚናገረው ግድቡ ቢፈርስ የሰው ሕይወት ሊጠፋ እንደሚችል ነው። ስለ ጥንካሬው የሚናገር ሌላ መመዘኛ አለ። ስለዚህ ጠንካራ ሆኖ «ከፍተኛ አደጋ» የሚባል፣ ደካማ ሆኖም «ዝቅተኛ» የሚባል ግድብ አለ። ምድቡም እንደ ሰፈሩ ይለወጣል፤ ትናንት ባዶ በነበረ ሸለቆ ውስጥ ዛሬ ቤት ቢሠራ፣ አንድ ድንጋይ ሳይነካ ያው ግድብ ወደ ከፍተኛው ምድብ ይገባል።

ተረት፦ «የረጋ ውሃ አያሰጥምም»

የሚሰጥም ሰው ሁልጊዜ አይጮኽም፤ ለመተንፈስ የሚታገል አፍ ለመጣራት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ልጅ ውሃ ውስጥ ዝም ካለ ተጫወተ ብለን አንተወው። ዋናተኛም ቢሆን ከማስተንፈሻውና ከውሃ መውጫው አጠገብ መዋኘት የለበትም፤ ላዩ ጸጥ ቢልም ከሥር የሚስብ ኃይል አለ። ከሁሉ አታላዩ ወንዝን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው፣ ውሃ ሁልጊዜ በላዩ የሚፈስበት አጭር ግድብ ነው። ከሥሩ ውሃው ወደ ኋላ እየተጠቀለለ የወደቀውን ደጋግሞ ወደ ግድቡ ይመልሳል፤ በዚህ ምክንያት ለማዳን የገቡ ሰዎችም ይሞታሉ። ገመድ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ከዳር ሆኖ መወርወር እንጂ ተከትሎ መግባት አይገባም።

ተረት፦ «ከመስጠምና ከግድቡ መፍረስ በቀር የሚያሰጋ የለም»

የዚህ ተረት ጉዳት በአገራችን ይብሳል። ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖምና ባልደረቦቻቸው በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የትግራይ ጥናት፣ በትናንሽ የመስኖ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት በሰባት እጥፍ በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ግድቦቹ ለእርሻ የተሠሩ ናቸው፤ ትንኟ ግን ግድቡ ለምን እንደተሠራ አትጠይቅም። በዳር በዳር የሚንጠባጠበውና ኩሬ የሚሠራው ውሃ ይበቃታል። ቢልሃርዚያም ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ከአዲስ አበባ በታች ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ የአቃቂ ወንዞች የከተማዋን ፍሳሽ ያወርዱበታል፣ እምቦጭም ወርሮታል። ከሩቅ አረንጓዴ መስክ ይመስላል፤ እግር የሚነከርበት ውሃ ግን አይደለም።

ወደ አንድ የመዝናኛ ሐይቅ ስትሄዱ እንግዲህ፣ ከተቻለ የግድቡን ጀርባ ከሩቅ እዩት። ከአፈር ግድብ ጥቂት ጥርት ያለ ውሃ መስረጉ የተለመደ ነው፤ መጠኑ እየጨመረ ከሄደ ወይም ድፍርስ ከሆነ ግን አፈር ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው። በአናቱ ላይ የሰመጠ ጉድጓድ፣ ረጅም ስንጥቅ፣ ተንሸራቶ የወረደ አፈር፣ በግንድ የተደፈነ ማስተንፈሻ ካያችሁ ለፓርኩ ሠራተኛ ወይም ለባለቤቱ ንገሩ፤ ድፍርሱ እየበረታ ከሆነ በአሜሪካ 911 ደውሉ። ድንኳን ከግድቡ በታች በወንዙ ዳር አትትከሉ። መሸሽ ካስፈለገም በመኪና ሸለቆውን ተከትሎ ቁልቁል መንዳት ከጎርፉ ጋር መሽቀዳደም ነው፤ በቅርብ ወዳለው ኮረብታ፣ ወደ ጎን፣ በእግርም ቢሆን ውጡ።