የፈጣን መንገድ ሥርዓትና የአሽከርካሪው የሙያ ብቃት

መንገድ መሠራቱ ብቻውን የእድገት ምልክት ሊሆን አይችልም። የተጠቃሚው ንቃትና ዲሲፕሊን ከመንገዱ ጋር አብሮ ካላደገ፣ በብዙ ገንዘብና ጉልበት የተገነባው የጋራ ሀብት የጋራ ጉዳት ምንጭ መሆኑ አይቀርም።

በ2006 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ለአብነት እንውሰድ። ይህ የክፍያ መንገድ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት ረድፎች አሉት። የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በሚመላለስበት የጅቡቲ መስመር ላይ በመሆኑም ከባድ ተሳቢ፣ አውቶቡስና የቤት መኪና ጎን ለጎን ይጓዙበታል። ረድፎቹ የተለዩት ለጌጥ አይደለም። ዝግ ብሎ የሚሄደው ቀኙን ይይዛል፤ ግራው ለመቅደም የተተወ ነው፤ የቀደመም ፍሬቻ አሳይቶ ወደ ቀኝ ይመለሳል። የሥርዓቱ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ «ከፍዬበታለሁና የፈለግሁትን ረድፍ እይዛለሁ» የሚለው የግለኝነት አመለካከት ይህን ሥርዓት ያፈርሰዋል። ዝግ ያለ መኪና የግራውን ረድፍ ሲዘጋ የኋላው በቀኝ በኩል ለመቅደም ይገፋፋል። የከባድ መኪና ሹፌር ደግሞ በቀኙ በኩል በመስታወት የማያየው ሰፊ ቦታ አለ። አደጋው የሚጠነሰሰው እዚህ ላይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና በ1 ሴኮንድ ወደ 28 ሜትር ይጓዛል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት 4 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ከፊት ያለውን ተጠግቶ መንዳት ጀግንነት ሳይሆን የተፈጥሮን ሕግ አለማወቅ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የጠባይ ብቻ ሳይሆን የሙያ ብቃትም ጥያቄ ነው። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መንጃ ፈቃድን ከሥልጠናና ከፈተና ጋር አስተሳስሯል። ሆኖም በሜዳና በሰፈር ጎዳና ብቻ የተለማመደ ሰው ረድፍ መለወጥንና ርቀት መጠበቅን በቃል ቢያውቅም በእጁ አያውቀውም። ሥልጠናው ፈጣን መንገድን በተግባር ማካተት ይኖርበታል። አሠሪውም ብዙ ምልልስ እየጠየቀ ሹፌሩን እንቅልፍ መንሣቱን ማቆም አለበት፤ የደከመ ሰው ሙያው አብሮት ይደክማልና።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው በመንገድ አደጋ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል። ይህ ባዶ አኃዝ አይደለም። ዕድራችን ድንኳን የሚተክልለት ጎረቤት፣ በማግሥቱ ከሥራ ገበታው የሚታጣ ባልደረባ ነው። እንግዲያውስ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት በየስብሰባቸው ይወያዩበት፤ ተሳፋሪም ሹፌሩ ሲሳሳት ዝም አይበል። ቀኙን ይዞ መሄድ መሸነፍ አይደለም፤ ለሌላው ሕይወት ኃላፊነት መውሰድ ነው።