ከፋላን ማን ነው የሚጠብቀው?

በፈረንጆቹ መስከረም 2020 የሊባኖስ የሥራ ሚኒስትር ላሚያ የሚን ለውጭ አገር የቤት ሠራተኞች አዲስ የኮንትራት ቅጽ አወጡ። ሠራተኛዋ ፓስፖርቷን ራሷ ትይዛለች፤ በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለች፤ ከሁሉም በላይ ማዳሟን (አሠሪዋን) ሳታስፈቅድ ኮንትራቷን አቋርጣ መውጣት ትችላለች። ከፋላ የተባለውን፣ ሠራተኛን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስር አሠራር የሚነካው ይህ ቅጽ ግን ሁለት ወር እንኳ አልኖረም። የአስመጪ ኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር አቤት አለ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በጥቅምት አገደው።

ለአንድ ቅጽ ይህን ያህል ርብርብ ለምን? ሒሳቡን ማየት ነው። ማዳም ገና ልጅቷን ሳታያት ለኤጀንሲው (ቤይሩት ያሉ ልጆቻችን «መክተብ» ለሚሉት) በሺህ የሚቆጠር ዶላር ትከፍላለች። ኤጀንሲው ዋስትና የሚሰጣት ለመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከወጣች ገንዘቡ የማዳም ኪሳራ ነው። ፓስፖርቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆለፈው፣ በሩም ከውጭ የሚዘጋው ለዚህ ነው። እኛ አገር ወሬው ሁሉ ስለ ጨካኝ ማዳም ነው፤ ደግ የምትባለዋም ግን ፓስፖርት ትይዛለች። ሠራተኛዋ እንደ ልቧ መውጣት ከቻለች ማዳም «ዋስትናው ይራዘምልኝ» ማለቷ አይቀርም፤ ያኔ ኪሳራው ወደ መክተቡ ይዞራል።

መንግሥትም ቢሆን ከዚህ አልተጎዳም። የ1946ቱ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ጭራሹን ስላገለለ፣ ተቆጣጣሪ ላክ የሚለው የለም። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ጠፍታ ከወጣች በዚያው ሕገወጥ ትሆናለች። የኢሚግሬሽን ፖሊስነቱን እያንዳንዱ ቤት በነጻ ይሠራለታል። ሠራተኞቹ በ2015 ማኅበር ሲያቋቁሙም የወቅቱ ሚኒስትር ሴጃን አዚ «ሕገወጥ ነው» ብለው አልተቀበሏቸውም።

ሠራተኛዋ የታሰረችበት ገመድ በማን በኩል እንደሚላላ ያው 2020 አሳይቷል። የሊባኖስ ሊራ ሲወድቅ ዶላር ያጠራቸው አሠሪዎች፣ ያለ ፈቃዳቸው ንቅንቅ እንዳትል የያዟትን ሠራተኛ፣ ደመወዟን ሳይሰጡ ሐዝሚዬ ባለው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋት ሄዱ።

በእኛ በኩል አዲስ አበባ በ2013 ለሥራ የሚደረገውን ጉዞ ብታግድም ደላላ መንገድ አላጣም፤ እገዳው በ2018 ተነሣ።

ጫና ሲኖር ግን ገመዱ ይላላል፤ ኳታር በ2020 አሠሪ ለመቀየር የነባሩን ፈቃድ መጠየቅ አስቀርታለች። እጇን የጠመዘዛት የዓለም ዋንጫና ለዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የቀረበባት አቤቱታ ነው፤ ቤይሩት ላይ ያን ያህል ጫና የሚያደርግ የለም። ኳታርም ብትሆን አሠሪው «ጠፍታብኛለች» ብሎ የሚያመለክትበትን አሠራር አልሰረዘችም።