የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር የእግር ኳስ ቡድን ታሪክ

ነጋዴ ለእግር ኳስ ቡድን ርዳታ በተጠየቀ ጊዜ ከሁለት ዓይነት መልስ አንዱን ይሰጣል። አንደኛው ኪሱን ዳብሶ ጥቂት ብር ይሰጥና ነገሩን በዚያው ይረሳዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ኳስና ንግድን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ጠያቂዎቹን ያሰናብታል። በጋምቤላ ከተማ፣ በአቦቦና በጎግ መደብር ለከፈቱ ወንድሞቻችን ይህ ጥያቄ እንግዳ ስላልሆነ፣ በተለይ ሁለተኛውን መልስ ለሚሰጡት የሚጠቅም አንድ የአገራችን ታሪክ እነሆ እናቀርባለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ድሬዳዋ በ1902 የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ መሆንዋን አስመጪና ላኪ ሁሉ ያውቃል። (በዚያው በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ስለ ተፈቀደ፣ ጋምቤላና ድሬዳዋ በንግድ ረገድ እኩያሞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዲቱ በሐዲድ፣ ሌላዪቱ በወንዝ ጀልባ ቡናን ወደ ውጭ አገር ሰደዱ።) በዚህች የባቡር ከተማ የጥጥ መፍተያና የጨርቅ መሸመኛ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ የፋብሪካውም ማኅበር በስሙ የሚጠራ የኳስ ቡድን ነበረው። ሕዝቡ በአጭሩ «ጥጥ ማኅበር» ይለው ነበር።

በዚያ ዘመን በአገራችን በኳስ ብቻ የሚተዳደር ተጫዋች አልነበረም ማለት ይቻላል። ቡድኖቹ የጦር ሠራዊት፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የፋብሪካ ነበሩ፤ ኳስ ተጫዋች የሚኖረው በደመወዙ ነው፣ ልምምዱንም የሚያደርገው ከሥራ በተረፈው ሰዓት ነው። ለነጋዴ ይህ አሠራር ቀላል ሒሳብ ነው። ተጫዋቹ በመዝገብ ላይ ሠራተኛ ስለ ሆነ፣ ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም የወሩ እንጀራ አይቋረጥበትም። ክፍለ ሀገሩም በዚህ መንገድ ከዋና ከተማው ክለቦች ጋር መወዳደር ቻለ።

እንዴት እንደ ተወዳደረ ውጤቱ ይመሰክራል። ጥጥ ማኅበር በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ማለት ነው! የአዲስ አበባ ቡድኖች ከነስታዲየማቸውና ከነደጋፊያቸው እያሉ፣ ዋንጫው በባቡር ተጭኖ ወደ ምሥራቅ ይወርድ ነበር።

ለዚህ ክለብ ከተጫወቱት ሰዎች መካከል በአስመራ የተወለደው ሉቺያኖ ቫሳሎ ስሙ ከሁሉ ይልቅ የገነነ ነው። ጥር 21 ቀን 1962 በአዲስ አበባ በተደረገው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስታሸንፍ፣ ቡድኑን በአምበልነት የመራው፣ ሁለተኛዋን ግብ ያገባውና ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው እርሱ ነው። ወንድሙ ኢታሎም በተጨማሪው ሰዓት ሦስተኛዋን ግብ አግብቷል። ሉቺያኖ በ2022 በኢጣልያ አርፏል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ብዙ ሰው የዘነጋው የአክራ ጉዞ ነው። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገ ጊዜ፣ በየካቲት ወር 1965 በጋና ዋና ከተማ በአክራ ከተሰበሰቡት አራት የመጨረሻ ክለቦች አንዱ የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ነበር። ሌሎቹ የካሜሩን ኦሪክስ ዱዋላ፣ የማሊ ስታድ ማልየንና የጋና ሪያል ሪፐብሊካንስ ናቸው። ጥጥ ማኅበር በማሊው ክለብ ተሸነፈ፤ ዋንጫውንም ኦሪክስ ስታድ ማልየንን 2 ለ 1 አሸንፎ ወሰደ። አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ከመላው አፍሪካ ከአራቱ አንዱ ለመሆን መብቃቱን ስናስብ፣ የፋብሪካው ስም በስንት አገር ጋዜጣ በነጻ እንደ ታተመ ማስታወቂያ የሚከፍል ነጋዴ ራሱ ይገምተው።

በ1975 ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት ይዞታ ሲዛወሩ የጥጥ ፋብሪካውም ተዛወረ። ቡድኑ በ1983 አንድ ጊዜ ደግሞ ሻምፒዮን ሆነ፤ አምስተኛውና የመጨረሻው ዋንጫው ይህ ነው። ዛሬ የከተማይቱን ስም ይዞ የሚጫወተው ድሬዳዋ ከተማ የሚባለው ሌላ ክለብ ነው። የድርጅት ቡድን ድክመቱም እዚህ ላይ ይታያል፤ በአንድ ካዝና ላይ የተንጠለጠለ ሁሉ ካዝናው ሲራቆት አብሮ ይራቆታል።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ዕጣ አይደለም። የቃኘው ዘማቾቻችን በ1951 በደረሱላት በኮሪያም ግማሽ ሙያተኛ የሆኑ የድርጅት ክለቦች ሞልተዋል። የባቡር መሥሪያ ቤቱ ክለብ በ1943 ተቋቁሞ እስከ ዘመናችን ዘልቋል፤ በ2019ም እስከ አገሪቱ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሷል። የሂዩንዳይ ሚፖ መርከብ ማደሻ ክለብ ግን በ1998 ተመሥርቶ፣ በ2005 ለዋንጫ ፍጻሜ ቀርቦ፣ ባለቤቱ ድርጅት ወጪውን ባቆመ ጊዜ በ2016 ፈረሰ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኡመድ ኡክሪና ጋቶች ፓኖም ሁለቱም የጋምቤላ ልጆች ናቸው። ኡመድ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከተጫወተ በኋላ ወደ ግብጽ ክለቦች ተሻገረ፤ ጋቶች ደግሞ የቡና ሠራተኞች ካቋቋሙት ከኢትዮጵያ ቡና ተነሥቶ በ2017 ወደ ሩስያው አንዢ ሄደ። ሁለቱም ስማቸውን ያስጠሩት ቤታቸውን ትተው በወጡበት አገር መሆኑ ነው የሚያሳስበው። የጋምቤላ ቡና ላኪ ቡናው በሌላ ሰው ስም ቢሸጥ ምን እንደሚለው እናውቃለን።

ስለዚህ በጎግ የሚኖር ባለመደብር ከጥጥ ማኅበር አሠራር ሊወስድ የሚችለው አለ። አንድ ብርቱ ልጅ በመጋዘን ጠባቂነት ወይም በሒሳብ ያዥ ረዳትነት ቢቀጥርና ከአሥር ሰዓት በኋላ ለልምምድ ቢለቀው፣ ከአንድ ጊዜ ማሊያ ስጦታ የበለጠ ነገር አደረገ። ከባዱ ወጪ የመንገድ ነው፤ ይልቁንም በክረምት። ነገር ግን ከጋምቤላ ሸቀጥ አምጥቶ ፑኝዶ ላይ ያራገፈ የጭነት መኪና ሲመለስ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። ባለመኪናውና ባለመደብሩ ቀኑን ከጨዋታው መርሐ ግብር ጋር አስማምተው ቢነጋገሩ፣ አሥራ አንድ ልጆችና አንድ አሠልጣኝ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ ጋምቤላ ይደርሳሉ።