እምቢ ያለ ብሎንና የግብር ሒሳብዎ

ባለታክሲዎች፣ በኮሜርስ ሲቲና በአካባቢዋ በበረዶ ወራት መንገድ ላይ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ የመኪናዎን ሥር ያዝጋል። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ራሱ ከተላጠ በጉልበት አይታገሉት፤ ጥርሱ ካለቀ የዘይት መያዣውን እስከ መቀየር ያደርስዎታል። ሞተሩ ሲበርድ የዝገት ማላቀቂያ ረጭተው ይታገሡ። ከዚያ ባለስድስት ማዕዘን ቁልፍ በመዶሻ አጥብቀው አስገብተው ወደ ግራ ያዙሩ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ግን አይግቡ።

ደረሰኙስ? ግብርዎን በማይል ተመን (ለ2025 ሰባ ሳንቲም) ካሰሉ፣ ዘይትና ጥገና በተመኑ ውስጥ ስላሉ ለብቻ አይቀነሱም። በትክክለኛ ወጪ ካሰሉ ግን የሥራው ድርሻ ይቀነሳል። ልብ ይበሉ፦ የራስዎን መኪና ለሥራ ባዋሉበት በመጀመሪያው ዓመት የማይሉን ተመን ካልመረጡ፣ ለዚያች መኪና ኋላ አያገኙትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ማይሉንም ይመዝግቡ፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ።