ሲሸልስ፦ የሚወራውና ያለው

ስለ ሲሸልስ የምንሰማው አብዛኛው ነገር የመጣው ከአንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ነው፦ ነጭ አሸዋ፣ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ዘንባባ፣ ጥንድ ሙሽሮች። ፎቶው አይዋሽም። ግን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የሚኖርበትን አገር ከዓይን ይጋርዳል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ለጉዞ የሚነሳው የተሳሳተ ግምት ይዞ ነው።

«ከማልዲቭስ በምን ይለያል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ማልዲቭስ ከውሃው ብዙም ቀና የማይል የኮራል ምድር ነው። ማሄ፣ የሲሸልስ ትልቁ ደሴት፣ ተራራ ነው፤ ጫፉ ሞርን ሲሸልዋ 905 ሜትር ይደርሳል። ማሄ፣ ፕራለንና ላ ዲግ የቆሙበት ግራናይት አህጉሮች ሲለያዩ ውቅያኖስ መሀል የቀረ ቁራጭ ነው። እንግዲህ ከዋና ልብስዎ ጋር የእግር ጉዞ ጫማም ይያዙ።

ከተረቶቹ ሁሉ የምወደው የኮኮ ደ ሜርን ነው፤ ስሙ «የባሕር ኮኮናት» ማለት ነው። የጥንት መርከበኞች ግዙፉን ፍሬ ማዕበል ተሸክሞት፣ ማልዲቭስ ዳርቻ ላይ ጥሎት ሲያገኙ ከባሕር ሥር የሚበቅል ዛፍ ያለ መሰላቸው። ሳይንሳዊ ስሙ እንኳ እስከ ዛሬ በስህተት የማልዲቭስ ይባላል። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ ትኩሱ ፍሬ ከክብደቱ የተነሳ ይሰምጣል፤ የሚንሳፈፈው ውስጡ በስብሶ ባዶ የሆነው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አይበቅልም። ዛፉ ከፕራለንና ከኩሪዬዝ ደሴቶች ውጭ በራሱ ሊስፋፋ ያልቻለው ለዚህ ነው። ዘሩ ከዕፅዋት ዘር ሁሉ ትልቁ ነው።

እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን፣ በ1879 እ.ኤ.አ. ደብረ ታቦር ላይ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር የተነጋገረው፣ ከ2 ዓመት በኋላ ሲሸልስ ሄዶ ዛፉ የሚበቅልበት የፕራለኑ ቫሌ ደ ሜ ሸለቆ የኤደን ገነት ነው ብሎ አመነ። ሸለቆው ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ አለ። ፍሬውን ለማስታወሻ የሚገዛ ሰው ሕጋዊ ፈቃዱን አብሮ ይቀበል፤ ያለ ፈቃድ የሚሸጥ ካለ ይለፉት፤ ዛፉ እየተመናመነ ነው።

«የሀብታም አገር ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ብዙው ሸቀጥ ከውጭ ስለሚገባ ኑሮው ውድ ነው። ግን ቤተሰብ የሚያስተዳድራቸው የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ፣ ማሄና ፕራለን ላይ የሕዝብ አውቶቡስ ይሠራል፣ ላ ዲግን በብስክሌት ይዞሩታል። የባሕር ዳርቻውም በሕግ የሕዝብ ነው።

«ቪዛ ስለማይጠይቅ ዝም ብሎ መሄድ ነው» የሚለው ግን ሰውን ከአውሮፕላን ማረፊያ ይመልሳል። ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያሻዋል። በረራው ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ አለ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የእኛ ክረምት እዚያ ደረቁ ወቅት ነው፤ ነፋሱ ግን አንዳንዱን ዳርቻ ያናውጣል። ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይበረታል። ባሕሩ የሚረጋው በሚያዝያና በጥቅምት አካባቢ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግምት «ከባሕሩ ሌላ የሚታይ ታሪክ የለም» የሚለው ነው። ከ1770 እ.ኤ.አ. በፊት ደሴቶቹ ላይ ቋሚ ነዋሪ አልነበረም፤ የዛሬው ክሪዮል ሕዝብ የፈረንሳይ ሰፋሪዎች፣ በባርነት የመጡ አፍሪካውያን፣ ሕንዶችና ቻይናውያን ልጅ ነው። ከ1861 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከባሪያ ነጋዴዎች ያስጣሏቸውን ሰዎች ማሄ ላይ አወረዱ። ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1876 እ.ኤ.አ. ተራራው ላይ ነው፤ ቬንስ ታውን ይባል ነበር፣ ዛሬ ሚሽን ሎጅ ይሉታል። የግድግዳው ፍርስራሽ ከዛፎቹ ሥር እስካሁን ቆሟል። ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ መንገዱ አጭር ነው፤ ጠዋት፣ ደመናው ተራራውን ሳይሸፍነው ይውጡ።