የማይታየው ብርሃንና የቤታችን ሪሞት

ዛሬ የምናወራው በየቤታችን ሶፋ ውስጥ ስለሚጠፋው ስለ ሪሞት ነው።

በቡና ለቀማ ሰሞን ከቦንጋ ወደ ማንኪራ ሄደን በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ዘይረን ነበር። እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል። ቤተሰቡ ጠዋት ለለቀማ ጫካ ሲገባ እስከ ማታ ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው ቴሌቪዥን፣ የዲሽ ሪሲቨርና ዲቪዲ ማጫወቻ አምጥቶላቸዋል። ቴሌቪዥኑ አሮጌ ስለሆነ የኤቪ መግቢያው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ዕቃዎች የሚያፈራርቅ ሣጥን፣ «ሰሌክተር» የምንለውን፣ ከነሪሞቱ ገጥሞላቸዋል። ልጆቹ ዲቪዲ አይተው ከወጡ በኋላ ግን እናታችን ቁርኣን ወደሚቀራበት ጣቢያ መመለስ አይችሉም። «ሼኻችን፣ ይሄ ዕቃ ለልጆቹ ይታዘዛል፤ እኔን ግን ንቆኛል» አሉን። ለካ ልጆቹ ተነስተው ሣጥኑን በእጃቸው ነው የሚጫኑት! የልጅ ልጃቸውም ተበላሽቷልና ሌላ ይገዛ ባይ ነበር።

ሪሞት የሚሠራው ኢንፍራሬድ በሚባል ብርሃን ነው። ከቀይ ቀለም ወዲያ ያለ፣ ዓይናችን የማያየው ብርሃን ነው። ዊሊያም ኸርሼል በ1800 እ.ኤ.አ. የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ አሳልፎ ቢያስቀምጠው ሙቀቱ ጨምሮ አገኘው። ሪሞታችን ይህንኑ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 38,000 ጊዜ ያህል እያርገበገበ የቁልፉን ኮድ ይልካል። የሣጥኑ ዓይን ኮዱን ካወቀው ይታዘዛል፤ ካላወቀው ዝም ይላል። ብርሃን ደግሞ ቀጥ ብሎ ነው የሚጓዘው፤ ኢብኑል ሀይሠም ከሺህ ዓመት በፊት ኪታቡል መናዚር በተባለው ሥራቸው ያብራሩት ነገር ነው። ይህ የሬዲዮ ድምፃችን ግድግዳ አልፎ ይደርሳችኋል፤ የሪሞት ብርሃን ግን የቡፌ በር እንኳ ያስቆመዋል።

መጀመሪያ ሪሞቱን ፈተንነው። የሪሞቱን አፍ ወደ ሞባይል ካሜራ አዙሮ ቁልፍ መጫን ነው፤ በስክሪኑ ላይ ብልጭታ ከታየ ሪሞቱ ይሠራል። የኋላው ካሜራ ካላሳየ የፊቱን ሞክሩ። ብልጭታ ከሌለ ድንጋዩን ቀይሩ፤ በካፋ እርጥበት የዛገውን የድንጋይ መቀመጫም ጥረጉ። የእናታችን ግን ብልጭ አለ። ሣጥኑን ብንፈልገው ከቡፌው ኋላ ወድቋል፤ በላዩም ዳንቴል ተደርቦበታል። ከካርቶኑ ውስጥ ማንም ያልነካው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጥቁር ዓይን ያለው ሽቦ ተገኘ። ሽቦውን ሣጥኑ ላይ ሰክተን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ እግር ሥር አጣበቅነው። አልጋቸው ላይ ሆነው ቢጫኑት እሺ አለ።

ሦስት ሪሞት መለየቱ ግን አሁንም ይቸግራቸው ነበር። ከገበያ ኮድ የሚማር አንድ ሪሞት ተገዛ። አዲሱንና ነባሩን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት አፍ ለአፍ ታጋጥማላችሁ። የአዲሱን መማሪያ ቁልፍ መብራት እስኪያሳይ ትጫናላችሁ፤ ከዚያ በአዲሱ ላይ የምትፈልጉትን ቁልፍ፣ ቀጥሎም በነባሩ ላይ አቻውን። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ወይም በፍሎረሰንት አምፖል ሥር ባታደርጉት ይሻላል፤ ኮዱ ይበላሻል። እኛም መስኮት ሥር ጀምረን ሁለቴ ደግመናል። አንዳንዱ ሣጥን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወደ አንደኛው መግቢያ ስለሚመለስ፣ የዲሹን ገመድ እዚያ ሰካነው። ዲቪዲው ሁለተኛ ሆነ።

እናታችን ሁለተኛውን ቁልፍ እስካሁን አልነኩትም። የልጆቹ ጣጣ ነው ይላሉ።